ተራ ቁጥር አርባ አንድ

በዚያ ጠዋት በኤዶ ሀሊሞ ግቢ ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጻፍ። ኤዶ ሀሊሞ፣ እንደ አክስት «ኤዶ» የምንላት የቤቱ እመቤት፣ ከውኃው በርሜል አጠገብ ቆማ። ልጇ ሂቦ፣ ከበርሜሉ ጀርባ ሣጥን ላይ ተቀምጣ። በሂቦ ክንድ ላይ ሕፃኗ ሆዳን። እናቴ ወይዘሮ ብርቄ፣ ሽርጧን ሳትፈታ ከምግብ ቤቷ የመጣች። ባለ ሻይ ቤቱ ሃጂ ዑመርና አስተማሪዬ መምህር ተካ፣ ለምስክርነት የተጠሩ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው፣ በሩ ላይ። የፍርድ ቤቱ የአፈጻጸም ሠራተኛ ጋሽ ግዛው፣ በአንድ እጁ ሻማ፣ በሌላው ቀይ ሰም ይዞ። እኔ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አጥሩን ተደግፌ። ሕፃኗ ከተቆጠረች ዘጠኝ ነን። ከአጥሩ ውጭ የቆመውን ሰው አልቆጠርኩም፤ ማን ማን እንደነበረ በእርግጠኝነት አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ፖስታ ቤት ተራ ስጠብቅ ሠራተኛዋ አንድ ጥቅል በቀይ ሰም አሸገች። ሽታው ግማሹ የተቃጠለ ፀጉር፣ ግማሹ የሚጣፍጥ ነገር ነው። ተራዬ ደርሶ ሁለት ጊዜ ተጠራሁ፤ አልሰማሁም።

ያ ክረምት ከሐርጌሳ በኩል ሰው በእግሩና በጭነት መኪና እየጎረፈ የመጣበት ክረምት ነው። ትምህርት ተዘግቶ ነበር። ጅግጅጋ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ አቧራው ከጥርስ ሥር ይገባል፤ ከዚያ ዝናብ ይመጣና ያው አቧራ ጭቃ ይሆናል። የቤታችን የፊት ግድግዳ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ጦርነት የቀሩ አሥራ አንድ የጥይት ቀዳዳዎች ነበሩት። ከታች ባሉት ሦስቱ ውስጥ እርሳሶቼን እሰካ ነበር።

የኤዶ ሀሊሞ ቤት ከእኛ ጋር በአንድ አጥር ይለያል። ቤቱ የተመዘገበው በወንድሟ በሀሰን ስም ነው። ሀሰን በጦርነቱ ጊዜ ወደ ሐርጌሳ ሄዶ ቀረ፤ እሷ አልሄደችም። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከብዙ ዓመት በኋላ ፋይሉን አወጣና «ባለቤቱ የሌለ ቤት» አለው። ፍርድ ቤቱም አጸደቀው። ትእዛዙ ግቢው ውስጥ ሲነበብ ሰምቻለሁ፦ ሀሰን በአካል ቀርቦ ቤቱ የእኔ ነው ካላለ ቤቱ ታሽጎ ለቀበሌ ይሰጣል። ከታሸገ በኋላ ቢመጣ ግን ለውጥ የለውም። ስለዚህ ያ ክረምት በሙሉ አንድ ሰው የመጠበቅ ክረምት ነበር። ሂቦ አጎቷን «አብቲ» ስለምትለው እኔም አይቼው የማላውቀውን ሰው አብቲ ሀሰን እለው ነበር።

ጋሽ ግዛው ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ ቀጭን ሰው ነው። የካኪ ኮቱ አንዱ ኪስ ሰሙን፣ ሻማውን፣ ክብሪቱንና የነሐስ ማኅተሙን ስለሚይዝ ኮቱ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ያዘቀዝቃል። ጅግጅጋ በስሙ አይጠራውም፤ «አሻጊው» ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጠዋት የመጀመሪያ ደንበኛ ሆኖ ከመጣበት «መብራት የለም» ይለዋል፤ መቀስ በመብራት የሚሠራ ይመስል። ሃጂ ዑመር ሻይ ይሸጡለታል፤ ግን አፏ የተሸረፈ፣ የእሱ ብቻ የሆነች ብርጭቆ አለች። አንድ ቀን እንግዳ ሹፌር በእሷ ሊጠጣ ሲል ሃጂ ዑመር ከእጁ ነጠቁት።

«ምነው ሃጂ?»

«ልጆች የሉህም? ቤት የለህም? ተወው።»

«ከታሸገ ቤት የወጣ ዕቃ የገባበትን ቤት ያሳሽጋል» ይባል ነበር። ቀበሌው ግቢ ውስጥ ለሐራጅ የወጣ አንድ የእንጨት አልጋ ገዢ አጥቶ ምስጥ ሲበላው አይቻለሁ።

ጋሽ ግዛው ምሳ የሚበላው እናቴ ዘንድ ነው። ሌላ ቦታ የሚቀርብለት አልነበረም። የጭነት ሹፌሮቹ እሱ ሲገባ ሳህናቸውን ይዘው ወደ በረንዳ ይወጣሉ።

«ብርቄ፣ ዛሬ በርሽን እንዳያሽገው!» ይላል አንዱ።

«አንተ መጀመሪያ አፍህን አሽግ፤ ወጡ እየፈሰሰ ነው» ትላለች እናቴ። ለእኔ ግን አንድ ጊዜ ስጠይቃት «ሥራው ነው እንጂ ሆዱማ እንደ ሰው ይርበዋል» ብላኛለች።

እኔ ሰሙን የምፈራው በሌላ ምክንያት ነበር። ሰም ከብረት የሚጠነክር ይመስለኝ ነበር። ሃጂ ዑመር የስኳር ጆንያ ብቻቸውን ተሸክመው የሚያስገቡ ሰው ናቸው፤ የታሸገ በር አጠገብ ሲያልፉ ግን እጃቸውን ወደ ደረታቸው ይሰበስባሉ። እንዲህ የሚያስፈራ ነገር መቼም ጠንካራ መሆን አለበት ብዬ ነበር።

ጋሽ ግዛው ከምሳ በኋላ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ቅጾቹን ይገለብጣል። አራት ዓምድ አላቸው፦ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ ምርመራ። አንድ ቀን አጠገቡ ቆሜ ሳነብ አየኝና አላባረረኝም።

«ድስት ተብሎ አይጻፍም» አለኝ። «ድስት የትም አለ። የብረት ድስት፣ አንድ፣ እጀታው አንድ ብቻ። እንዲህ ብለህ ከጻፍክ የዚያች ሴትዮ ድስት ይሆናል። በኋላ ሌላ ሰው የኔ ነው ብሎ አይወስድባትም። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ያየኸውን ነው የምትጽፈው። ያላየኸውን፣ አላየሁም ትላለህ።»

የተበላሹ ቅጾችንና አንድ የእርሳስ ቁራጭ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልመዘገብኩት ነገር የለም። የእናቴን ሳህኖች፣ የአጥሩን ቆርቆሮዎች፣ በመንገዱ ያለፉትን ግመሎች፤ ምርመራ በሚለው ሥር «አንዱ አንካሳ» ብዬ።

ትእዛዙ በተነበበ በሦስተኛው ቀን ሂቦ ከቀብሪበያ በጭነት መኪና መጣች፤ ሆዷ ደርሶ። መውለድ የነበረባት እዚያው ከባሏ እናት ዘንድ ነው። እናቷ ናፍቃት የመጣች መስሎኝ ነበር። ኤዶ ሀሊሞ ሰው ልካ ያስመጣቻት ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ጋሽ ግዛውና ጓድ ሽፈራው ቤቱን ሊያሽጉ በመጡ ጠዋት፣ ሂቦ ጎህ ሲቀድ ወልዳለች። እናቴ ደጃፉ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«አራስ አለች።»

ጋሽ ግዛው ቆመ። ያወጣውን ሰም ወደ ኪሱ መለሰ።

«ምን ሆንክ?» አለ ጓድ ሽፈራው።

«አራስ ያለችበትን ደጅ ሰም አላስነካም።»

«ትእዛዙ ላይ አራስ የሚል የለም እኮ።»

«አውቃለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ኤዶ ሀሊሞ ከውስጥ ወጣች። «ወላሂ፣ እኛ ዘንድ አራስ አርባ ቀን ከቤት አትወጣም። አርባ ሲሞላ አፍርተንባህ ነው፤ ታጥባ፣ ሽቶ ተቀብታ ትወጣለች፤ ፍየል ይታረዳል። ከዚያ በፊት ያወጣት ሰው ልጅ አይወጣለትም።»

«የተወለደችው ሴት ናት» አለች እናቴ ቶሎ ብላ። «ለሴት ሰማንያ ነው።»

«ሰማንያ ለክርስትና ነው፣ ብርቄ» አለ ጋሽ ግዛው። «ይህቺ ልጅ ክርስትና ትነሣለች እንዴ?»

«የምትምረው አንተ አይደለህ? ባንተ ሃይማኖት ይቆጠራ!»

ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው ሳቀ። ኤዶ ሀሊሞም በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ጋሽ ግዛው አልሳቀም፤ ግን ጆሮው ቀላ። ጅግጅጋ ውስጥ ሰው ከእሱ ጋር ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አርባ» አለ ጓድ ሽፈራው። «አርባ አንድ ቢሆን አልሰማም።»

እዚህ ላይ እኔ የተሳሳትኩትን መናገር አለብኝ። እኔ አርባን የሰማሁት እንደ ድግስ ነው። ኤዶ ሀሊሞ አንዲት ጥቁር ፍየል ገዝታ አጥሩ ሥር አሰረች። «አርባ ሲሞላ ኩላሊቷ ያንተ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ሂቦና ሕፃኗ አርባ ከደረሱ አሸነፍን ማለት መሰለኝ። ድብብቆሽ ስንጫወት ምሰሶውን የነካ አይያዝም፤ አርባ ምሰሶው ነበር። ሥጋቴ አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው ቀን ዘሎ እንዳያጭበረብረን። ስለዚህ አንዱን ቅጽ ወስጄ መመዝገብ ጀመርኩ።

ቅጹ አሁን ፊቴ ነው። ጥቂቱን እንዳለ እገለብጣለሁ። ተራ ቁጥር አራት፦ ነፋስ፤ ቆርቆሮው ሲጮኽ ሕፃኗ አለቀሰች። ሰባት፦ ስም ወጣላት፤ ሆዳን። አሥራ ሁለት፦ የቀብሪበያ መኪና ሦስት መጣ፤ አብቲ ሀሰን የለም። አሥራ ዘጠኝ፦ መኪና ሁለት፤ የለም። ሃያ ስድስት፦ ዝናብ፤ ጋሽ ግዛው በበራቸው አለፈ፤ ኤዶ ሀሊሞ እግሩ በረገጠበት ውኃ ደፋች። ያን ቀን መሬቱ ሁሉ ውኃ ነበር፤ እሷ ግን ከበርሜሉ ቀድታ፣ ዱካውን እየፈለገች ነው የደፋችው።

ሠላሳ ሦስት፦ አንድ ሽማግሌ መጣ፤ አብቲ ሀሰንን ሐርቲሼክ አይቶታል። ይህ መስመር ከሌሎቹ ደመቅ ብሎ ተጽፏል። ሽማግሌው ሐርቲሼክ ካለው የስደተኞች ሠፈር የመጣ ነው። «በሕይወት አለ» አለ። «እግሩ አብጧል። እግሩ ሲሽርለት ይመጣል።» ኤዶ ሀሊሞ የሽማግሌውን እጅ ይዛ አልለቅ አለች። እናቴ አጥሩ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። እኔ ሁለቱም ነገር፣ የፍየሏም የአብቲ ሀሰንም፣ በአንድ ቀን እንደሚሆን እርግጠኛ ሆንኩ።

እንዳይቆጠር ተስማምተው ነበር። ይህን አላውቅም ነበር። እናቴ፣ ኤዶ ሀሊሞና የሠፈሩ ሴቶች፣ ማንም ስንት ሆነ ብሎ ቢጠይቅ «ገና ነው» ሊሉ ተማምለው ነበር። ለልጅ ምስጢር አይነገርም ብለው ለእኔ አልነገሩኝም። አርባኛው ቀን ላይ ሮጬ ሄድኩ።

«ኤዶ፣ ዛሬ አርባ ነው! ፍየሏስ?»

«ወርያ፣ ዝም!» አለች፤ እንደዚያ ስትቆጣኝ አላውቅም። «የአራስ ቀን አይቆጠርም። ሂድ ወደ ቤትህ።»

ተራ ቁጥር አርባ፦ ፍየሏ አልታረደችም፤ ኤዶ ሀሊሞ ረስታለች።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ጋሽ ግዛው ጥጉ ላይ ፓስታ እየበላ ነበር። እኔ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ነበርኩ፤ ቅጹ ከሳህኔ ሥር። ጓድ ሽፈራው ገባና ከፊቱ ተቀመጠ።

«ግዛው፣ የዚያች አራስ ነገር፤ አልሞላም?»

«ገና ነው።»

«ስንት ሆናት?»

ጋሽ ግዛው ፓስታውን በሹካው ጠቀለለ። «ሠላሳ አራት። ሠላሳ አራት ቢሆናት ነው።»

አፈርኩለት። የድስት እጀታ የሚቆጥር ሰው በሰባት ቀን ሲሳሳት ሰማሁ። ደግሞም ሠላሳ አራት ከሆነ ሂቦ ሌላ ስድስት ቀን መታሰሯ ነው፤ ፍየሏም ስድስት ቀን ልትቆይ ነው። የማግዘው መሰለኝ።

«አይደለም፣ ጋሽ ግዛው። አርባ አንድ ነው። ትናንት ሞልቷል።»

ከወጥ ቤቱ የጭልፋው ድምፅ ቆመ።

«ማነው የቆጠረው?» አለ ጓድ ሽፈራው።

«እኔ።» ቅጹን ዘረጋሁለት። በጣቱ እየተከተለ እስከ ታች አነበበ። ከዚያ ወደ ጋሽ ግዛው ገፋው። «ያንተው ቅጽ ነው እኮ።»

እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። «ልጅ ነው፣ ጓድ ሽፈራው። መቁጠር ገና አልለመደም።»

«ለምጃለሁ!» አልኩ።

ጋሽ ግዛው ከአንድ ጀምሮ አነበበ። አልቸኮለም። ሃያ ስድስት ላይ፣ ውኃው የተደፋበት ቀን ላይ፣ ትንሽ ቆየ። የልጅ ጨዋታ ነው ሊል ይችል ነበር። እናቴ ትክ ብላ ታየው ነበር፤ አሁን ሳስበው ያን እንዲል እየለመነችው ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን በዱሮው እጥፋት አጥፎ መለሰልኝ።

«ልክ ነው» አለ። «ያዘው፤ ያንተ ነው።» ለጓድ ሽፈራው ደግሞ ቀና ሳይል «ነገ ጠዋት» አለው። ፓስታውን አልጨረሰም።

እናቴ አልመታችኝም። የምግብ ቤቱን በር ዘግታ ወንበር ላይ ተቀመጠችና «ይህን ለማንም አትናገር» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ተነሥታ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች።

በማግሥቱ ነው እንግዲህ ከላይ የዘረዘርኳቸው ሁሉ ግቢው ውስጥ የነበሩት። ዕቃው ወደ እኛ ግቢ ተሸጋገረ። ጋሽ ግዛው እያንዳንዱን ሲወጣ ጮክ ብሎ እየተናገረ ይጽፍ ነበር። «የብረት አልጋ፣ አንድ፣ አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ። የወተት ዕቃ፣ ሁለት፣ አንዱ ክዳን የሌለው። ፍየል፣ አንዲት፣ ጥቁር፣ የግራ ጆሮዋ የተሸረፈ።» ሃጂ ዑመር ሳያነቡ ፈረሙ። ከዚያ ሻማው ተለኮሰ፤ ሰሙ በሩ ላይ በታሰረው ክር ላይ ተንጠባጠበ፤ ማኅተሙ ተጫነ። ያኔ ነው ሽታው የመጣው።

ጋሽ ግዛው ሲጨርስ ሁልጊዜ የሚለው ነገር አለ፤ ያን ቀንም አለው። «የቀረ፣ የተረሳ ካለ አሁን ይነገር።»

ኤዶ ሀሊሞ ሁለት እርምጃ ወደ እሱ ቀረበች። «አለ። እኛ አንቆጥርም ነበር። ይህ ሰው ይራራል ብለን ነበር። አንተ ግን ቁጭ ብለህ ስትቆጥር ነበር። አርባ ቀን የቆጠርከው ለዚህ ነው? ጅብ ነው በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር።»

ከአጥሩ ውጭ ሰው ተፋ። አንድ ድንጋይ መጥቶ በርሜሉን መታ።

ጋሽ ግዛው ማኅተሙን በጨርቁ እየጠቀለለ ነበር። እኔን አላየኝም። እናቴን አላየም። «አዎ» አለ። «ቆጥሬያለሁ።»

እኔ አጥሩ ሥር ነበርኩ። ቅጹ በሸሚዜ ውስጥ፣ በሆዴ ላይ ነበር። በክንዴ ሸፈንኩት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሃጂ ዑመር የተሸረፈችውን ብርጭቆ ደጃፋቸው ላይ ሰበሯት። ጋሽ ግዛው ከዚያ በኋላ ጅግጅጋ ውስጥ ሻይ የጠጣበትን ቦታ አላውቅም። መስከረም ሳይጠባ ወደ አይሻ ከተማ ተዛወረ ተባለ። ሰው «ጂኒውን ይዞ ሄደ» አለ። እናቴ ያን ጥግ ጠረጴዛ አንሥታ በቦታው የውኃ ጄሪካን አደረገች።

እኔ መቁጠር አላቆምኩም። ኤዶ ሀሊሞ፣ ሂቦና ሆዳን የእኛ የእህል ጎተራ ክፍል ውስጥ ተኙ። ተራ ቁጥር ስድሳ ሦስት፦ መኪና አንድ፤ አብቲ ሀሰን መጣ። ረዥም ሰው ነው፤ በዱላ ነው የሚሄደው፤ ጫማውን በክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል፤ እግሩ አይገባበትም። መጀመሪያ ያገኘው እኔን ነው፤ የታሸገው በር ፊት ተቀምጬ ነበር።

«ወርያ፣ ይህ ከታሸገ ስንት ቀን ሆነው?»

ሃያ አንድ ነው። ከማንም በላይ አውቃለሁ።

«አላውቅም» አልኩ።

እጁን ዘርግቶ ሰሙን በአውራ ጣቱ ነካው። የታሸገ በር የነካ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሰሙ እንደ ብስኩት ተሰበረና ቁራሹ መሬት ወደቀ። እኔ በሩ አሁን ይከፈታል ብዬ ጠበቅሁ። አብቲ ሀሰን ግን ዙሪያውን ተመለከተ፤ እንደምንም ጎንበስ አለ፤ ቁራሹን አንሥቶ በምራቁ አርጥቦ ወደ ቦታው ሊመልሰው ሞከረ። አልያዘለትም። ሦስት ጊዜ ሞከረ።

ያየሁትን ጽፌአለሁ። የማላውቀው ብዙ ነው። ሠላሳ አራት ብሎ የጀመረ ሰው ሂቦን ስንት ሳምንት ሠላሳ አራት ላይ ሊያቆያት አስቦ እንደነበር አላውቅም። በሩ በእኔ ትዝታ ሰማያዊ ነው፤ እናቴ አረንጓዴ ነበር ትላለች። መምህር ተካ ይፈርሙ አይፈርሙ አላየሁም። ድንጋዩን የወረወረው ማን እንደሆነ፣ ፍየሏም በመጨረሻ የት እንደደረሰች አልመዘገብኩም።

በቅጹ ላይ አንድ ባዶ ቦታ አለ። ተራ ቁጥር አርባ አንድ፣ ምርመራ። እዚያ ላይ ዛሬ «የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ግዛው አይደለም» ብዬ ጽፌአለሁ። ቦታው ገና ይተርፋል። በዚያ ጠዋት ከአጥሩ ውስጥም ሆነ ውጭ የነበራችሁ፣ ሂቦም ብትሆኚ፣ ሆዳንም ከእናትሽ የሰማሽው ካለ፣ የጎደለውን ጨምሩ፤ የተሳሳትኩትን አርሙ። ጋሽ ግዛውን አይሻ ላይ ያየ ካለ ደግሞ፣ ሻይ የሚሸጥለት ሰው አግኝቶ እንደነበር ይንገረኝ።